ከከባድ ስፖርት በኋላ «ጉበትሽ ከፍ ብሏል» ሲባል

ምልክት፦ በደም ምርመራ የሚለኩት የጉበት ኢንዛይሞች፣ ኤኤስቲ (AST) እና ኤኤልቲ (ALT)፣ ከመደበኛው በላይ ናቸው፤ የሚሰማሽ ሕመም ግን የለም።

ምክንያት፦ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጡንቻ ነው። ሁለቱም ኢንዛይሞች፣ በተለይ ኤኤስቲ፣ ጡንቻ ውስጥም አሉ። በከባድ ልምምድ የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም ይለቃቸዋል፤ ብረት ማንሳት ያልለመደ ሰው ላይ ከሳምንት በላይ ከፍ ብለው ሊቆዩ ይችላሉ። የውጤቱ ወረቀት «የጉበት ምርመራ» ስለሚል ጉበታቸው ጤነኛ የሆነ ብዙዎች በከንቱ ይደነግጣሉ።

መፍትሄ፦ ሲኬ (CK) እና ጂጂቲ (GGT) የሚባሉ የደም ምርመራዎች እንዲጨመሩ ጠይቂ። ሲኬ የጡንቻ ኢንዛይም ነው፤ ጂጂቲ ግን ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፣ ከጡንቻ አይመጣም። ሲኬ አሻቅቦ ጂጂቲና ቢሊሩቢን (ጉበት ከደም የሚያስወግደው ቢጫ ቀለም) ልክ ከሆኑ ጣት የሚቀሰረው ወደ ጡንቻ ነው። ከከባድ ልምምድ አንድ ሁለት ሳምንት አርፈሽ ምርመራውን ድገሚው፤ በእግር መሄድ አይከለከልም። ያኔም ካልወረደ «የስፖርት ነው» ብለሽ አትለፊው። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ የጉበት ስብ፣ እንዲሁም የሰውነት መከላከያ ራሱ ጉበትን የሚያጠቃበትና በሴቶች ላይ የሚበዛው ሕመም ይመርመሩ። የጉበት ስብ ቢገኝ ስፖርት አታቁሚ፤ ክብደት ባይቀንስ እንኳ እንቅስቃሴ ስቡን ይቀንሳል።

የሴቶች የኤኤልቲ ጣሪያ ከወንዶች ዝቅ ይላል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ጣሪያው ለሴቶች በሊትር ከ19 እስከ 25 ዩኒት፣ ለወንዶች ከ29 እስከ 33 ነው። ላብራቶሪው ለሁለቱም አንድ መስፈርት ከተጠቀመ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ምልክት፦ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ጠቁሯል፤ ጡንቻ አብጦ ከልክ በላይ ያማል።

ምክንያት፦ የጡንቻ መፍረስ። የፈረሰው ጡንቻ የሚለቀው ነገር ኩላሊት ያበላሻል።

መፍትሄ፦ ዛሬውኑ ሆስፒታል። አይቡፕሮፌን አትውሰጂ። በሙቀት እየሠራች የተደናገረች ወይም የወደቀች ሴት ካለች ደግሞ አምቡላንስ እስኪመጣ በቀዝቃዛ ውኃ አቀዝቅዟት፤ የሙቀት ምት ጉበትን በእርግጥ ይጎዳል።

ምልክት፦ ሳትበዪ በርትተሽ ስትሠሪ የዐይንሽ ነጭ ቢጫ ይላል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ብዙ ጊዜ ጊልበርት የሚባል፣ ከቤተሰብ የሚወረስ ጉዳት የለሽ ሁኔታ ነው። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው። ከተረጋገጠ በኋላ ሳይበሉ አለመሥራት ይበቃል።

ምልክት፦ ድካም አልለቅ ብሏል፤ የወር አበባ ለሦስት ወር ቀርቷል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ እርግዝና አለመሆኑን አረጋግጪ። ካልሆነ ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ እየበላ ሊሆን ይችላል። ምግብ ጨምሪ፣ ልምምድ ቀንሺ፣ ሐኪም ይይሽ። «ጉበት ያጸዳል» የሚባል መጠጥ እዚህ ምንም አይፈይድም።

ምልክት፦ ማቅለሽለሽ፣ ማሳከክ፣ የጠቆረ ሽንት፣ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም።

ምክንያት፦ ከስፖርቱ ይልቅ አብሮት የሚዋጠውን ጠርጥሪ። ለማቅጠኛ የሚሸጥ የተጨመቀ የአረንጓዴ ሻይ እንክብልና ጡንቻ የሚያፋፋ ስቴሮይድ ጉበት ያቆስላሉ። ፓራሲታሞልም በቀን ከ4 ግራም ካለፈ ያሰጋል፤ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ሳታውቂው ሊደራረብ ይችላል።

መፍትሄ፦ ማሟያውን አቁሚ፣ ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዘሽ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ።