ለእናትና ለልጅ የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ እንዳያመልጠን፦ በወሎ ገጠር ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ልጁ አያቱ ጭን ላይ ተቀምጧል። ጉንጩ ሞላ ብሏል፣ እግሩም ወፈር ብሏል። «ማሻአላህ፣ እዩት እንዴት እንደወፈረልኝ» አሉ አያቱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጎንበስ አለችና የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ትንሽ ቆይታ ለቀቀችው። ጣቷ ያረፈበት ቦታ እንደጎደጎደ ቀረ። ሌላኛውን እግር ጫነችው። እሱም ጎደጎደ። ልጁ አልወፈረም፣ አብጧል። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ተላከ።

ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር በደቡብና በሰሜን ወሎ ቀበሌዎች ለዓመታት ተመላልሻለሁ። ብዙ ጊዜ ልጅ የሚጎዳው ድጋፍ ጠፍቶ ብቻ አይደለም። ድጋፉ ጤና ኬላው ድረስ መጥቶ፣ በእኛ አለማወቅ ወይም በይሉኝታችን ሳይደርሰው ሲቀር ነው። ይህን የምታነቡት ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ ይሆናል። ገጠር ያለች እህት፣ ምራት ወይም አክስት ካለቻችሁ ደውሉና ንገሯት።

ልጅን በዓይን መመዘን

ከላይ ያያችሁት ይኼ ነው። የሁለቱ እግር እብጠት የከባድ ምግብ እጥረት ምልክት ነው፣ ዓይን ግን «ወፈረ» ይላል። ስለዚህ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ይለካ። መለኪያዋ ቀለም ያላት ቀጭን ጥብጣብ ናት። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከባድ እጥረት። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው፣ መካከለኛ። ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ልኬቱ ደቂቃ እንኳን አይፈጅም። የልየታ ቀን ሲባል «የኔ ልጅ ደህና ነው» ብሎ መቅረት አያዋጣም። ደህና ከሆነም ደህና መሆኑን አውቆ መመለስ ነው።

«ሴፍቲኔት ውስጥ የለሁበትም» ብሎ መቅረት

ይኼኛው ያንገበግበኛል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀውብናል። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም የተጀመረ፣ የምግብ ክፍተት ላለባቸው ቤተሰቦች እህል ወይም ብር የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው በቀበሌ ይለያል፣ ስሙም ይመዘገባል። የተጎዳ ልጅ ሕክምና ግን ሌላ ነው። ማን ድሃ ነው ተብሎ አይጠየቅም። የሚታየው ክንዱና እግሩ ነው። መዝገብ ላይ ስሟ የሌለ እናትም ልጇ ቀይ ወይም ቢጫ ላይ ካረፈ ሕክምናው ይገባዋል፣ በነፃ።

እናትም ትለካለች። ነፍሰ ጡር ወይም ከ6 ወር በታች ሕፃን የምታጠባ ሆና የክንዷ ልኬት ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ተጨማሪ የተመጣጠነ ምግብ የሚሰጠው ፕሮግራም ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ልጇን ይዛ ሄዳ የራሷን ክንድ ሳታስለካ የተመለሰች ስንት አለች!

እርግዝናን መደበቅ

በእኛ አገር እርግዝና ቶሎ አይነገርም። ዓይን ይፈራል፣ ያሳፍራል፣ «ሆዴ ሲገፋ ያዩት የለ» ይባላል። ይህ ልማድ ግን ሴፍቲኔት ውስጥ ያለችን ሴት ከባድ ዋጋ ያስከፍላታል። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ለሚያገኘው እህል ወይም ብር የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል። የፕሮግራሙ መመሪያ ግን ነፍሰ ጡር እናት ከዚህ ሥራ ወጥታ ሳትሠራ ወደሚከፈላት ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወር ይላል። ከሥራው ትወጣለች እንጂ ከክፍያው አትወጣም። ከወለደችም በኋላ ወዲያው ወደ ሥራ አትመለስም። ይህን ሳያውቁ፣ እርግዝናቸው ገፍቶ እርከን ላይ ድንጋይ ሲያቀብሉ የነበሩ እናቶችን አይቻለሁ። አንዷን ለምን እንደመጣች ጠየቅኳት። «ከቀረሁ ስሜ የሚሰረዝ መስሎኝ» አለችኝ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወር አበባ እንደቀረ ጤና ኬላ ሄዶ መመርመር፣ የክትትል ካርድ ማውጣት፣ ካርዱን ይዞ ለቀበሌው ማሳወቅ። በሥራው ፋንታ የሚጠበቅባት የእርግዝና ክትትልና የአመጋገብ ምክር ላይ መገኘት ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ የያዘች እናትም እንዲሁ ከሥራው ነፃ ትሆናለች። ይህን ደግሞ የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው።

ለምን ከእርግዝና ጀምሮ? ዘጠኙ ወርና የልጁ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ሲደመር 1000 ቀን ይሆናል። ቁመቱም አእምሮውም የሚገነባው ያኔ ነው። የመቀንጨር ጉዳት በኋላ በቀላሉ አይካካስም። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም የገባው ቃል የተሰየመው በሰቆጣ ነው። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ድሮ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበርና፣ ቃል ኪዳኑ የእኛን አፈር ስም ይዟል።

የታማሚውን ልጅ ምግብ ለቤቱ ሁሉ ማካፈል

ስለዚህ ስናገር ጠንቀቅ እላለሁ፣ ምክንያቱም የሚያካፍሉት እናቶች ክፉዎች አይደሉም። አንድ ቤት ገባሁ። ልጁ ቀይ ላይ ነበር፣ ፕላምፒ የሚባለው በእሽግ የሚሰጥ የሕክምና ምግብ ተሰጥቶታል። እናቱ የእሽጉን ጫፍ ቀደደችና ለታማሚው አንድ ጊዜ አጎረሰችው። ከዚያ ለታላቁ፣ ከዚያ ለታላቅየዋ፣ ከዚያ ለጎረቤት ልጅ። የቀረውን ታማሚው በጣቱ ጠርጎ ላሰ። አየችኝ። «ሌሎቹ እያዩ እንዴት ብዬ ለእሱ ብቻ ላብላው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ወሎ ላይ ብቻውን የሚበላ ሰው ነውር ነው። እኔም ያደግኩት እንዲያው ነው።

ግን ስሌቱ አይምርም። አንዷ እሽግ 92 ግራም ናት፣ 500 ኪሎ ካሎሪ አላት። ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው ውስጧ። በቀን ስንት እንደሚበላ በክብደቱ ተሰልቶ ነው የሚሰጠው። ለአራት ከተካፈለ ለሦስቱ ጣፋጭ ነው፣ ለታማሚው ግን መድኃኒቱ አነሰ ማለት ነው። አሞክሲሲሊን ለወንድሞቹ አናካፍልም። ይህንንም እንደዚያ እንየው።

የሠራላቸውን ልንገራችሁ። አንዳንድ እናቶች ሌሎቹ ልጆች እንጀራ በሚበሉበት ሰዓት ታማሚውን ጓዳ ይዘው ይገባሉ። ለትልልቆቹም «የወንድማችሁ መድኃኒት ነው» ብለው ይነግሯቸዋል። ልጆች ይገባቸዋል። ጡት የሚጠባ ከሆነ መጀመሪያ ጡት፣ ከዚያ ፕላምፒ፣ አጠገቡም ንጹሕ የሚጠጣ ውኃ። ውኃ ውስጥ መበጥበጥ አያስፈልግም።

መሸጥ የተለየ ነው። ችግር ያስገድዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ያ እሽግ የአንድ ልጅ የዛሬ ቀን ነው።

ሲሻለው ማቋረጥ

ልጁ መሳቅ ሲጀምር፣ መጫወት ሲጀምር «ዳነ» ተብሎ ይቀራል። የሚወስኑት ግን ጥብጣቧና እግሩ ናቸው። የጤና ባለሙያው «በቃ» እስኪል ቀጠሮው አይዘለል።

እንጥልና ግግ

ልጅ ምግብ ሲጠላ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ወይም «ግግ አውጥቶ ነው» ይባልና እንጥል ወደሚቆርጥ ወይም ግጉን፣ ማለትም ገና ያልበቀለውን ጥርስ፣ ከድዱ ወደሚያወጣ የባህል አውላቂ ይወሰዳል። አፉ የቆሰለ ልጅ ጭራሽ አይበላም። ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። ጠበሉም ዱዓውም ይኑር፣ ማንም አይከለክልም። ምግብ እምቢ ያለ ልጅ ግን በዚያው ቀን ጤና ኬላ ይታይ።

እንገርን መድፋት፣ ውኃ የመሰለ አጥሚት

ቢጫው የመጀመሪያ ወተት፣ እንገሩ፣ አይደፋም። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስም አብሽ ማጠጣትም ይቅር። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ውኃም ጭምር አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላ ደግሞ ቀጭን አጥሚት ሆዱን ይሞላዋል እንጂ አያሳድገውም። ገንፎው ማንኪያ ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይፈስ ይሁን። ቆቦ ማሽላ፣ ለጋምቦ ገብስ፣ ያለው ይበቃል። ምስር ወይም ሽምብራ አብሮ ይፈጭበት፣ ዶሮዋ ከጣለች እንቁላሉ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ለልጁ ይድረስ።

ልጅን ሳያውቁ ማስጾም

ልጅ ጹም የሚል የለም። ግን በጾም ወቅት ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ ወተትና እንቁላል ከቤት ይጠፋል፣ ልጁም አብሮ ይጾማል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ መጾም የለበትም። ለእሱ አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ ይለይለት፣ ነገሩ አለቀ። በረመዳንም ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጾሙን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ተፈቅዶላታል። የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን መጠየቅ አያሳፍርም።

ስም ሲቀር ዝም ማለት

«ምን አባቴ አደርጋለሁ» ብሎ መመለስ ለምዶብናል። ቀበሌ ላይ ግን የሴፍቲኔት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ቅሬታ ማቅረብ መብት ነው። ለመመዝገብም ሆነ ለመለካት ገንዘብ አይከፈልም። የሚጠይቅ ካለ እሱም ቅሬታ ነው።

አንዲት እናት ነበረች፣ የምታጠባ። ስሟ ከቀጥታ ድጋፉ ዝርዝር ቀርቶ ነበር። ኮሚቴው ፊት ቀረበችና የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከፌስታል ውስጥ የክትትል ካርዷን አወጣች። ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ ቀኑ ሁሉ ተጽፎበታል። ብዙ አልተናገረችም። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጠበቀች። በዚያው ስብሰባ ስሟ ተጻፈ።