የአባባ ሳጥን ሲከፈት የሠራናቸው ስህተቶች

አባታችን ካረፈ ከዓመት በኋላ አልጋ ሥር የኖረችውን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትን። ውስጧ ያልነበረ የለም፤ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የዕድር ደብተር፣ በላስቲክ የታሰሩ ደብዳቤዎች፣ ፎቶና ኔጋቲቭ፣ አምስት ቴፕ ካሴት፣ ከአያታችን የወረደ ትንሽ የብራና ዳዊት። ሁሉንም በአንድ ስም «የድሮ ወረቀት» አልነው፤ ጥፋታችን የጀመረውም እዚያ ላይ ነው። ብራና የሚጠፋበት መንገድ ሌላ፣ ካሴት የሚጠፋበት ሌላ፣ የባንክ ደረሰኝ የሚጠፋበትም ሌላ ነው። የእኛን አይታችሁ እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

እንዳይቀደድ ብሎ ላሚኔት ማስደረግ

ታላቅ ወንድሜ በቅን ልቦና ሰርተፊኬቱን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። ሲመለስ ወረቀቱ እንደ መስታወት ያበራል፤ ሁላችንም አመሰገንነው። ለካ የላሚኔት ሙጫ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ አይታሰብም። ጠርዙ ሲከፈት እርጥበት ይገባና መውጫ ያጣል። አንድ ቀን ማኅተም ቢያስፈልገው ደግሞ ፕላስቲክ ላይ ማን ያሳርፍለታል? የኤቲኤም ደረሰኝ ወይም የድሮ ፋክስ ከሆነማ የታተመው በሙቀት ስለሆነ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የሚወጣው ጠቁሮ ነው። እንዲህ ያለውን ራሱ ሳይደበዝዝ ቶሎ ፎቶ ኮፒ ማስደረግ፣ ሌላውን ደግሞ ንጹሕ ፖስታ ውስጥ ማኖር ይበቃል። የተቀደደውን በስኮች መለጠፍም የላሚኔት ታናሽ ወንድም ነው፤ ስኮቹ ደርቆ ይወድቃል፣ ቡናማው ሙጫ ግን እዚያው ይቀራል።

ብራናን እንደ ወረቀት መያዝ

ብራና ቆዳ ነው፤ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ። እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ይኮማተራል፣ ካውያ ሲያርፍበት ይጨማደዳል፣ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ከከረመ ይሻግታል። ማኅደር ካለው ማኅደሩ ውስጥ ይቆይ። ቆዳ ውስጥ የተሰፋ ክታብም «እስቲ ምን ይላል» ተብሎ አይተረተርም።

ካሴትን «ይሠራ እንደሆን» ብሎ ያገኙት ቴፕ ውስጥ መክተት

አክስታችን ጅዳ ትሠራ በነበረበት ዘመን ደብዳቤ አትጽፍም፤ የምትልከው ካሴት ነበር። «እንዴት ከረማችሁ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብላ ትጀምርና አንዱ ፊት እስኪያልቅ ታወራለች። መሐል ላይ ትስቃለች፣ ትንሽ ቆይታ ታለቅሳለች። ሳጥኗ በተከፈተች ማግስት ታናሽ እህቴ ከጎረቤት ቴፕ ተውሳ አንዱን ካሴት ከተተችው። የቴፑ ጎማ ደርቆ ኖሮ ክሩን በላው። እየጎተትን አውጥተን በቢክ እስክሪብቶ ጠቀለልነው፤ ክሩ በተጨማደደበት ቦታ ግን የአክስታችን ድምፅ አሁንም ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

ቴፑን አስቀድማችሁ በማይፈለግ ካሴት ሞክሩት፤ ሄዱን፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጉት። ከዚያ የካሴቱን ጀርባ እዩ፤ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ካልተሰበሩ ስበሯቸው፤ ያኔ ማንም በስህተት ሪከርድ ተጭኖ የሟችን ድምፅ በሬዲዮ ዘፈን ሊሸፍነው አይችልም። 120 ደቂቃ የሚለው ካሴት ክሩ ከ60ው የሳሳ ስለሆነ ቶሎ ይጠላለፋል፤ እሱን ሳትቸኩሉ ያዙት። ከቴፑ እስከ ኮምፒውተር ገመድ ዘርግታችሁ በመጀመሪያው ማጫወት ቅዱት፤ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል።

ፎቶው አለ ብሎ ኔጋቲቩን መጣል

ዋናው ኔጋቲቩ ነው፤ ፎቶው ከእሱ የወጣ ቅጂ ነው። ኔጋቲቩ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ ፊልሙ መበላሸት ጀምሯል፤ ሽታው የሌሎቹንም መበላሸት ያፋጥናልና ለብቻው አውጡት።

ዓመት ብቻ ጽፎ ዘመኑን አለመለየት

አባባ ቢሮ ተቀምጦ የተነሣው ፎቶ ከጀርባው «1967» ይላል። ወንድሜ ዓ.ም. ነው ብሎ አልበሙ ላይ መዘገበው። ግድግዳው ላይ ግን የጃንሆይ ምስል ተሰቅሏል፤ ጃንሆይ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልተነሣ በቀር ቁጥሩ የፈረንጅ ነው ማለት ነው፤ በእኛ 1959 ወይም 1960። አባባ ያኔ ከፈረንጆች ጋር ይሠራ ስለነበር ነገሩ ይገጥማል። እናንተ ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን አትርሱ። ቢክ በፎቶው ፊት በኩል ስለሚወጣ ለስላሳ እርሳስ ይሻላል።

ስካን አድርጎ እፎይ ማለት

በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጹን በጣም አሳንሶ ፊልም ላይ፣ የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ቅጂዎቹ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ይገኛሉ። ማይክሮፊልምን ለማንበብ ብርሃንና አጉሊ መነጽር ይበቃል። ፍላሽ ግን ከተበላሸ ተበላሸ፤ ቤት ውስጥ የተቀዳ ሲዲም ያረጃል። ስለዚህ ቅጂው ሁለት ሦስት ቦታ ይቀመጥ። በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል።

በዓይነት በዓይነቱ መደርደር

ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ከደብዳቤ፣ ፎቶውን ከፎቶ ጋር አድርጌ ባዶ ፖስታዎቹን ጣልኩ። ቴምብሩ ላይ ያረፈው የፖስታ ቤት ማኅተም ቀኑንና ከተማውን ይዞ እንደነበር ትዝ ያለኝ ቆሻሻው ከሄደ በኋላ ነው። የቤተ መዛግብት ሰዎች አንድ ላይ የተገኘን ነገር የማይለያዩት ለዚህ ኖሯል፤ መለየት ግድ ከሆነ እንኳ ከየት እንደወጣ የሚናገር ወረቀት በቦታው ይተካሉ። አጎቴ ከሮም የጻፈው አንድ ደብዳቤ «ከዚህ ጋር የላክሁትን ፎቶ ለእማማ አሳዩልኝ» ይላል። አልበሙ ውስጥ የአጎቴ ፎቶ አሥራ አንድ ነው።