የሞዴሉ ክንድ ለምን ይወድቃል? የሱፐር ግሉ ችግርና መፍትሄ

ይህ በሱፐር ግሉ ለሚገጣጠሙ ትንንሽ ሞዴሎች ነው፤ ለ28 ሚሊሜትር ወታደሮች፣ በ1/35 ልኬት ለሚሠሩ ታንኮች፣ ክንፋቸው ለብቻ ለሚመጣ የብረት ዘንዶዎች። መስኮት መክፈትን፣ ሳይለጥፉ ገጣጥሞ ማየትንና ጠረጴዛ በላስቲክ መሸፈንን ታውቁታላችሁ ብለን እናልፋለን።

ክንዱ ተጣብቆ አደረ፤ ሲነኩት ወደቀ

ለጥገና ከሚመጣው አብዛኛው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ያው ነው፤ ግሉ በዝቷል። ሱፐር ግሉ እንደ ኮላ ውሃው እየተነነ የሚደርቅ አይደለም። ሳያኖአክሪሌት የተባለው ፈሳሽ የሚጠነክረው ዕቃው ላይና አየሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ እርጥበት ስትቀሰቅሰው ነው። ስስ ሆኖ ከተቀባ እርጥበቱ ሁሉንም ያዳርሰዋል፤ በሴኮንዶች ይይዛል። ሲወፍር ግን ጠርዙ ይጠነክርና መሃሉ ጥሬውን ይቀራል።

የወደቀውን ክንድ በማጉያ መነጽር እዩት። ዙሪያው ጠንክሮ፣ መሃሉ በስቲኪኒ ሲነኩት ክር የሚያወጣ ለጋ ግሉ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ግሉ በሙሉ ጠንክሮ ከአንደኛው ገጽ ሙልጭ ብሎ ከለቀቀ ደግሞ ጥፋቱ የቅባት ነው፤ ሬዚኑ፣ ማለትም በፈሳሽነቱ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምሮ የሚጠነክረው የሞዴል ፕላስቲክ፣ ከማውጫው እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት አልታጠበም።

ሰው ግን ክንዱ ሲወድቅበት አይመረምርም፤ በላዩ ሌላ ጠብታ ይጨምራል። እንደገና ሲወድቅ ሌላ። ባንዲራ ያዥ ወታደር እንዲህ እየተደራረበበት ብብቱ ሞልቶ፣ የልብሱ እጥፋት ጠፍቶ፣ ክንዱ ግን አሁንም እየተወዛወዘ ይመጣል። አዲስ ግሉ የሚይዘው የነካውን ነው፤ የነካው አሮጌ ግሉ ከሆነ አሮጌው በለቀቀ ቁጥር አብሮ ይለቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ መፋቅ ነው። በምላጭ ጫፍ፣ ከራሳችሁ ወደ ውጭ እየገፋችሁ፣ የሞዴሉ የራሱ ገጽ እስኪታይ ድረስ። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር አድርጉ። ሬዚን ከሆነ ወረቀቱን ውሃ አስነኩት፤ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም። ለብ ባለ ውሃ፣ በላርጎና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡና ሙሉ በሙሉ አድርቁ።

አሁን ግሉን ከቱቦው በቀጥታ ሞዴሉ ላይ አታንጠባጥቡ። ይህ ስንት ጊዜ ቢነገር የሚሰማ ጥቂት ነው። አንድ ጠብታ ላስቲክ ክዳን ላይ አውጡ፤ በስቲኪኒ ጫፍ የጤፍ ቅንጣት የምታህል አንሱና አንዱ ገጽ ላይ ብቻ ቀቡ። በሌላኛው ገጽ ላይ ሃ ብላችሁ ተንፍሱበት፤ የሚያጠነክረው የትንፋሻችሁ እርጥበት ነው። ግጠሙ፣ ተጫኑ፣ ቀስ ብላችሁ እስከ 30 ቁጠሩ። በጠርዙ ከፈሰሰ አሁንም በዝቷል። እየያዘ ሳለ «ትንሽ ላቃናው» ብሎ መነቅነቅ የጀመረውን ትስስር ይበጥሰዋል፤ ከነቀነቃችሁት ፍቃችሁ እንደገና ጀምሩ። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቀለም እስከዚያ ይቆይ።

ከባድ የብረት ክፍል ግን በልኩ በተቀባ ግሉም ብቻውን አይቆምም። ይህ ግሉ ቀጥ አድርገው ሲጎትቱት ይችላል፤ ሲመታ ወይም ከጎን ሲፈለቀቅ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። በእጅ በሚዞር የ1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በሁለቱም በኩል 5 ሚሊሜትር ያህል ብሱና ከወረቀት ክሊፕ የተቆረጠ ሽቦ አስገቡ። ቀዳዳዎቹ እንዲገናኙ አንዱን ከበሳችሁ በኋላ አፉን ቀለም ቀባ አድርጉት፤ ሌላውን ክፍል ተጫኑበት፤ ቀለሙ የታተመበት ላይ ብሱ። የዘንዶ ክንፍ ያለ ሽቦ የሚለጥፍ ሰው ክንፉን ከወለል ለማንሳት ይዘጋጅ።

ሁለቱም ክፍል የኪት (በሳጥን ተበታትኖ የሚሸጥ ተገጣጣሚ ሞዴል) ፕላስቲክ፣ ማለትም ፖሊስታይሪን፣ ከሆነ ሱፐር ግሉን ተዉት። እንደ ሞዴል አምራቹ ታሚያ ባለ አረንጓዴ ክዳን ያለ የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሁለቱን ገጽ አሟሙቶ ያዋህዳቸዋል። ሬዚንና ብረት ላይ ግን አይሠራም።

ዙሪያው ነጭ ብናኝ ለበሰ

ያልጠነከረ ግሉ ይተናል፤ እንፋሎቱ በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ጠንክሮ ተመልሶ ሞዴሉ ላይ ያርፋል። በክረምት ይብሳል። ብዙ ግሉ ቀብቶ ወዲያው ሳጥን ውስጥ የዘጋ ሰው ሞዴሉን በሙሉ ነጥቶ ያገኘዋል። ቀለም ካልተቀባ ቀላል ነው፤ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ የቀረውን የመሠረት ቀለሙ ይሸፍነዋል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ከሆነ አንጸባራቂ ቫርኒሽ፣ ሲደርቅ ደግሞ የማያብረቀርቀውን ደርቡበት። የአውሮፕላን መስኮትና የመኪና መብራት የመሰለ ጥርት ያለ ክፍል ሱፐር ግሉ አይነካውም፤ ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃዋል።

ለደቂቃዎች ይንሸራተታል እንጂ አይይዝም

አየሩ ደርቋል፤ በጋ ነው ወይም ኤሲ ሲሠራ የሚውል ክፍል ነው። ከላይ ያለው ትንፋሽ ይፈታዋል። ግሉ ራሱ ወፍሮ ክር ከሠራ ጣሉት። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ቱቦ ገና ሳይከፈት ያረጀ ነው።

በመገጣጠሚያው መሃል ክፍተት አለ

ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱና ግሉ አንጠብጥቡበት፤ ወዲያው ይደነድናል። ይሞቃል፣ ጢሱም ዓይን ያቃጥላል፤ ፊታችሁን አርቁ።

የቱቦው አፍ ተደፈነ

አጥብቃችሁ አትጭመቁ፤ ሲፈነዳ የሚረጨው ወደ ፊት ነው። ክዳኑን በጥርስ አትክፈቱ። በጥርስ አትክፈቱ! አፉን በመርፌ ውጉ ወይም ጫፉን ቁረጡ። ከተጠቀማችሁ በኋላ አፉን በላስቲክ ጠርጋችሁ ቱቦውን አቁማችሁ አስቀምጡ። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፤ ስታወጡት የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ካልጠበቃችሁ ጠል ይዞ ውስጡ ይጠነክራል። ባለ 3 ግራሙን ግዙ፤ ትልቁን ጨርሳችሁት አታውቁም።

ተሳስቶ የተለጠፈን ማላቀቅ

ብረት ከሆነ ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ አሴቶን ውስጥ ይደር። ሬዚን ከሆነ በፌስታል አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ለ2 ሰዓት አስቀምጡ፤ ግሉ በብርድ ተሰባሪ ስለሚሆን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይለቃል። ፕላስቲኩም በፍሪዘር ይሞከራል፤ አሴቶን ግን ፕላስቲክ ያቀልጣል፤ ታንኩን አሴቶን ውስጥ ነክሮ ጠዋት ዝልግልግ ነገር ያገኘ ሰው ማንንም አይውቀስ። «ከአሴቶን ነፃ» የሚል የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሱፐር ግሉ አይፈታም። አሴቶን እሳት ይስባል፤ ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብ አይከፈትም። ግሉን በእሳት ማቃጠልም መርዛማ ጢስ ያወጣል።

ጣት፣ ልብስ፣ ዓይን

የተጣበቁ ጣቶችን አትጎትቱ፤ ቆዳው ቀድሞ ይላጣል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ለደቂቃዎች ነክራችሁ በማንኪያ እጀታ እያንከባለላችሁ አላቁ። ቁስል ከሌለ ትንሽ አሴቶን፣ ከዚያ ቫዝሊን።

የፈሰሰ ግሉ በጥጥ፣ በሶፍት ወይም በነጠላ አይጠረግም። ከጥጥ ጋር ሲገናኝ በቅጽበት ይግላል፣ ይጨሳል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ጭን ላይ የፈሰሰበት ሰው በያዘው ጥጥ ሊጠርግ ሲል ነው ጉዳቱ የሚብሰው። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ አፍሱበት፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ጨርቅ አትገንጥሉ። የጥጥ ጓንትም በዚሁ ምክንያት አይሆንም።

ዓይን ውስጥ ከገባ አሴቶን አይነካም፣ ሽፋሽፍቱም በጉልበት አይከፈትም። ለብ ባለ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወዲያው ወደ ዓይን ሐኪም። ቱቦውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን እንደገባ ከጽሑፉ ያየዋል።