በድሬ ሙቀት ሥራ ጨርሶ በሰዓቱ ቤት ለመግባት

ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ ከወረቀት ጋር የታገለ ሰው ያውቀዋል። 8 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ይሞቃል፣ ወንበሩ ይሞቃል፣ ቬንትሌተሩ የሚያመጣው ንፋስም ሙቅ ነው። አንድ ደብዳቤ ሦስቴ ታነቡና ምን እንደሚል አይገባችሁም። ያው ደብዳቤ ጠዋት ቢሆን በአሥር ደቂቃ መልስ ያገኝ ነበር።

እኔ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ቢሮ ነው የምውለው። ለዓመታት ጠዋቴን በስልክና በሻይ ጨርሼ ዋናውን ሥራ ከምሳ በኋላ እጀምር ነበር። ያላለቀውን ደግሞ ማታ ቤት ይዤ እገባለሁ። ልጆቼ ያኔ የሚያዩት ጀርባዬን ነበር። ያንን የቀየርኩበትን መንገድ እነሆ። ሱቅ ላላችሁም፣ ቢሮ ለምትውሉም ይሠራል።

1. ሦስት ቀን መዝግቡ

ምንም ሳትቀይሩ ለሦስት ቀን የሠራችሁትን በየሰዓቱ በአንድ መስመር ጻፉ። «2 ሰዓት፦ ስልክ። 3 ሰዓት፦ ዲክላራሲዮን፣ አራቴ ተቋረጥኩ።» ከጎኑ ጭንቅላታችሁ ንቁ ይሁን ፈዛዛ ምልክት አድርጉ። ለማንም ማሳየት አያስፈልግም። በሦስተኛው ቀን ንቁ የነበራችሁበት ሰዓት በምን እንዳለቀ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። እኔ ሳየው ደንግጫለሁ።

2. ከባዱን ሥራ ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ

ሐረር የሚኖር ሰው ይሄ ብዙም ላያስጨንቀው ይችላል። እነሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እኛ 1,200 ገደማ ላይ ነን። ልዩነቱን ሰውነታችን በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ ድሬ ላይ ጠዋት ውድ ነው። 1፡30 ቢሮ መድረስ ከቻላችሁ ድረሱ፤ ያቺ የመጀመሪያ ሰዓት ስልክም ሰውም የሌለባት ናት።

አደራረጌ እንዲህ ነው። ማታ ከመውጣቴ በፊት የነገውን ከባድ ሥራ አንዱን ብቻ በብጣሽ ወረቀት እጽፋለሁ። ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ድንጋይ እጭንባታለሁ። ድንጋዩን ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው ያነሳሁት፤ ድሬ ውስጥ ቬንትሌተር ያለበት ቢሮ ሁሉ ወረቀት የሚይዝለት አንድ ከባድ ነገር አያጣም። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። ቴሌግራም አልከፍትም። ያ ሥራ እስኪያልቅ ወይም 4 ሰዓት እስኪሆን ሌላ አልነካም።

«አለቃዬ ቢደውልስ?» ትሉ ይሆናል። አስቀድማችሁ ንገሩት። «ከ2 እስከ 4 የከበደውን ፋይል ነው የምሠራው፤ አስቸኳይ ከሆነ ሁለቴ ደውል» በሉት። ሥራው ሲያልቅ ካየ የሚቃወም አለቃ እኔ አልገጠመኝም።

ከ5 ሰዓት በኋላ ቀላሉን አድርጉ። ፊርማ ማስፈረም፣ ፋይል ማደራጀት፣ ስልክ መመለስ።

3. ቀትሩን አትጋፉት

ቀትር ላይ መጋላ ሰፈርን እዩት። ሱቆች ይዘጋሉ፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ባጃጆች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ስንፍና ይመስለዋል። አይደለም። ከተማው ጠዋት ማልዶ ተነስቷል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ይከፍታል። እናንተም ብሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ከተቻለ ሃያ ደቂቃ ጋደም በሉ። ስልክ እየነካኩ መጋደም ግን ዕረፍት አይደለም።

ስለ በርጫም (ተሰብስቦ ጫት ስለመቃም) መናገር አለብኝ፤ ድሬ ላይ ስለ ሥራ ጽፎ በርጫን መዝለል አይቻልም። ቃሙ ወይም አትቃሙ አልልም፤ ለምትቅሙ ግን አንድ ልመና አለኝ። ምርቃና ላይ የመጣውን ሐሳብ በወረቀት ጻፉት፣ ለደንበኛ ግን አትላኩት። ዋጋ አትቁረጡ፣ ቀን አትቅጠሩ። ያኔ ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንደገና አንብቡትና ደግ ሐሳብ ከሆነ ያኔ ላኩ። ሌላው እንቅልፍ ነው። ጫት አነቃቂ ስለሆነ አምሽቶ የቃመ ሰው ቶሎ አይተኛም፤ የሚከፍለውም ያችን ውድ ጠዋት ነው።

4. መልእክት ስትልኩ ሰዓቱን የማን እንደሆነ ጻፉ

ይሄኛው በጣም ያስጨንቀኛል፣ ሰው አስቸግሬበታለሁና። ባቡሩ ከጂቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ ጀምሮ የድሬ ሥራ ከወደቡ ጋር የተያያዘ ነው። የእኛ 3 ሰዓትና የወደቡ 3 ሰዓት ግን አንድ አይደሉም።

አንድ ቀን ጂቡቲ ላለ የሥራ ባልደረባ «ሰነዱ ነገ በ3 ይድረሰኝ» ብዬ ላክሁ። ጠዋት ማለቴ ነበር። እሱ በራሱ ሰዓት ቆጠረው፤ የእሱ 3 ሰዓት የእኛ ከቀኑ 9 ነው። ዕቃውን የሚጭነው ሾፌር ለስድስት ሰዓታት በፀሐይ ቆመ። ስደርስ እርጥብ ፎጣ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ የመኪናው ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። «አቦ አንቺ ልጅ፣ እኔ'ኮ ጠዋት ነው የደረስኩት» አለኝ። አልተቆጣም። ያ ነው የባሰ ያሳፈረኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚያዝ መልእክት ስጽፍ አራት ነገር አያመልጠኝም፦ ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ፣ በማን አቆጣጠር። «ፓኪንግ ሊስቱን አንተ ላክልኝ፣ ሐሙስ ታኅሣሥ 3፣ በኢትዮጵያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በእናንተ 9) በፊት።» የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። 3/4 ብትሉ ለእኛ ታኅሣሥ 3 ነው፣ ለእነሱ ሚያዝያቸው ነው።

ረጅም የድምፅ መልእክት ከላካችሁም ከሥሩ ዋናውን በአንድ መስመር ጻፉ። የሰባት ደቂቃ ድምፅ ባጃጅ ላይ ሆኖ ማን ይሰማል?

5. «እሺ»ን አትመኑ

እሺ ሲባል «ሰማሁ» ሊሆን ይችላል፣ «አደርገዋለሁ» ሊሆን ይችላል፣ «ተይኝ» ሊሆንም ይችላል። «እሺ ነገ»ማ የታወቀ ነው። ስለዚህ እሺ ሲሏችሁ በፈገግታ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ከየቱ ትጀምራለህ?» መልስ ካለው ሥራው ገብቶታል። ከሌለው እንደገና አስረዱት፤ አትቆጡ።

የድሬ ቢሮ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ጨዋታ ይቀላቀላሉ። ደስ ይላል፣ ግን አንዳንዴ ዝርዝሩ መሃል ላይ ይጠፋል። ሰውየው የተረዳውን በሚቀለው ቋንቋ መልሶ ይንገራችሁ፤ የማትሰሙት ቋንቋ ከሆነ የሚሰማ ባልደረባ አጠገባችሁ አይጠፋም።

ለእንግዶች ደግሞ አንድ ነገር። እዚህ ሰው «አንተ» ካላችሁ አልናቃችሁም፤ ድሬም ሐረርም ትልቁም ትንሹም አንተ ነው። እኛ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ስንጽፍ «እርስዎ» ማለትን አንርሳ።

6. ቀኑን ዝጉት

11 ሰዓት ሲሆን አዲስ ሥራ አትጀምሩ። ያለቀውን ሰርዙ፣ የቀረውን ጻፉ፣ የነገዋን ብጣሽ ወረቀት ከድንጋዩ ሥር አድርጉ። ሌሊት «ረሳሁ እንዴ?» እያለ የሚቀሰቅሳችሁ ያልተጻፈው ነው።

መብታችሁንም እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን ከሆነ ሁለት እጥፍ። ይህን ለአለቃ መጥቀስ ድፍረት አይደለም። ስብሰባ የምትጠሩ ከሆናችሁ ደግሞ ዓርብን ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነፃ አድርጉት፤ ሰው ጁምዓ ይሰግዳል።

ከሥራ በኋላ ስለ ስልክ እኛ ቢሮ የተስማማነው ቀላል ነው፦ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አስቸኳይ ከሆነ ይደወላል፣ ካልሆነ ይጻፋል። የተጻፈውን ጠዋት እናየዋለን። የመጀመሪያው ሳምንት ከበደን፤ እኔ ራሴ ሁለቴ ጥሼዋለሁ። አሁን ለምደነዋል። ለቅሶ ቤትም የምደርሰው፣ የልጄን ደብተር የማየውም በዚያ ሰዓት ነው። አንዳንዴ ከዚራ ዛፎች ሥር በእግሬ እየሄድኩ ወደ ቤት እገባለሁ፤ በዚያ ሰዓት ንፋሱ ቀዝቅዟል፣ ሱቆቹም እንደገና ተከፍተዋል።