ግቢ ውስጥ የሞተ ጅብ ሲገኝ

በአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ በተለይ ከእንጦጦ ግርጌና ወንዝ ተከትለው በተሠሩ ሰፈሮች፣ ጅብ ሌሊት እስከ አጥር ድረስ ይመጣል። መኪና የገጨው ወይም መርዝ የበላ ጅብ እየተሳበ ገብቶ ከአጥር ሥር የሚሞትበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ገመድ አስሮ ይጎትትና ወንዝ ወይም ገደል ይጥለዋል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ጅቡን የገደለው መርዝ ከሆነ በሆዱ የቀረው ገና ሥራውን አልጨረሰም፤ የበላው ውሻ ይሞታል፣ የበላው ጥንብ አንሳም ይሞታል። ጥንብ አንሳዎቻችን በቁጥር እየተመናመኑ ካሉበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ መሞቱን ያረጋግጡ። ከ3 ሜትር በማያንስ ርቀት ቆመው ደረቱ ይነሣና ይወርድ እንደሆነ 5 ደቂቃ ያህል ይመልከቱ። ካልተንቀሳቀሰ ቢያንስ 2 ሜትር በሚሆን እንጨት የዓይኑን ብሌን ቀስ አድርገው ይንኩ፤ ነፍስ ያለው እንስሳ ራሱን ቢስትም ብዙውን ጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል። በእግር መምታት ግን አደጋ ነው። አጠገቡ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ጭራሽ አይጠጉ፤ መጀመሪያ ለመብራት አገልግሎት ይደውሉ።

ከዚያ ውሾችዎን ይሰሩ፣ ልጆችን ወደ ቤት ያስገቡ። ሬሳውን በሸራ ሸፍነው ጠርዙን በድንጋይ ይጫኑት።

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጅቡ ከመሞቱ በፊት በቀን ሲዞር ከታየ፣ ሰው ካልፈራ፣ ያገኘውን ሁሉ ከነከሰ ወይም ምራቁ ከተዝረከረከ በበሽታው እንደሞተ ይቁጠሩ። ቫይረሱ በምራቅና በአንጎል ውስጥ ይቀመጣል፤ እንስሳው ቢሞትም ቶሎ አይጠፋም፣ በብርድ ደግሞ ይቆያል። ስለዚህ አፉን በባዶ እጅ መንካትም ሆነ ራስ ቅሉን በመጥረቢያ መፍለጥ ክልክል ነው። ሰው ወይም ከብት ነክሶ ከነበረ ሬሳው ከመቀበሩ በፊት ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገሩ፤ ለምርመራ የሚፈለገው አንጎሉ ስለሆነ ናሙናውን የሚወስደው ባለሙያው ነው። ምራቁ ቁስልዎን፣ ዓይንዎን ወይም አፍዎን ነክቶ ከሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡ፣ ዓይንና አፍን በንጹሕ ውሃ ብቻ ደጋግመው ያጥቡ፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ክትባቱ በተከታታይ ቀጠሮ የሚሰጥ ነውና አንዱንም አይዝለሉ። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሬሳውን የላሰ ወይም የነከሰ ውሻም ለእንስሳት ሐኪም ይታይ፤ ቀድሞ የተከተበም ቢሆን ክትባቱ ይደገምለታል።

ማንሣቱን በተመለከተ፣ የደረሰ ጅብ ከ45 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናልና ብቻዎን አይሞክሩ። ወፍራም የጎማ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ መነጽር ያስፈልጋል። ፌስታል እጅ ላይ አጥልቆ መሥራት የተለመደ ቢሆንም ጥርስና የተሰበረ አጥንት ይቀደዋል፤ ለአይጥና ለወፍ ካልሆነ አያዋጣም። ሬሳው ሲቀዘቅዝ ቁንጫና መዥገር ትተውት ሞቃት ገላ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ከመጠጋትዎ በፊት ዙሪያውን የተባይ ማጥፊያ ይርጩና በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ይጠብቁ። ከዚያ ሸራውን ከጎኑ ዘርግታችሁ የኋላ እግሮቹን በገመድ አስራችሁ በመሳብ ሸራው ላይ አውጡት። መሬት ለመሬት መጎተት ደሙንና ምራቁን በግቢው ሁሉ ያዳርሳል።

የት ይቀበር? አብዛኛው የከተማ ግቢ ለዚህ አይበቃም፤ እውነቱን ለመናገር ጠባብ ግቢ ውስጥ ከመታገል የወረዳውን ጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መጥራት ይሻላል። ሰፊ ቦታ ካለ ግን ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ ጎርፍ የማያገኘው ቦታ ይምረጡ። 1.5 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት፣ 1.5 ሜትር ጥልቀት አድርገው ይቆፍሩ፤ እንዲህ ሲሆን ከሬሳው በላይ 1 ሜትር ያህል አፈር ይኖራል። ሲቆፈር ውሃ ካመነጨ ቦታ ይቀይሩ። ሬሳውን ከነሸራው ወይም በላስቲክ ጠቅልለው አይቅበሩት፤ ላስቲክ ሽታውን ቢያፍንም መበስበሱን ያዘገየዋል። ከላይ ድንጋይና እሾህ ያድርጉበት፤ ሌሎች ጅቦችና ውሾች አሽትተው ይቆፍራሉ፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ብቻ ከሆነ በማግስቱ ተመዝዞ ያገኙታል።

የነበረበትን ቦታ ሲያጸዱ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በረኪናውን ደም ላይ በቀጥታ በማፍሰስ ነው። ደምና ቆሻሻ የክሎሪኑን ኃይል ይጨርሱታል። መጀመሪያ አመድ ወይም ሰጋቱራ ነስንሰው ይጥረጉና የተጠረገውን ከሬሳው ጋር ይቅበሩ፣ በሳሙና ይጠቡ፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጠው ያፍስሱና 30 ደቂቃ ይተዉት። ይህ መጠን 5 በመቶ ክሎሪን ላለው በረኪና ነው። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አካፋውንና ጫማውንም በዚሁ ይዘፍዝፉ።

የሞተው ጅብ ሳይሆን ድኩላ፣ ሚዳቋ ወይም ከርከሮ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሣር በል እንስሳ ያለ ቁስል በድንገት ሞቶ፣ ቶሎ ተነፍቶ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም ከወጣ አባሰንጋ (አንትራክስ የተባለውን የባክቴሪያ በሽታ) ይጠርጥሩ። አይክፈቱት፣ አይግፈፉት፣ ለውሻም አይስጡት። ሬሳው ሳይቀደድ ከቆየ ባክቴሪያው ከመበስበሱ ጋር ብዙው ይሞታል፤ ሲከፈት ግን አየር ያገኝና አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የሚኖር ዘር ያበጃል። ኖራ መነስነስም እዚህ ላይ ስሕተት ነው፤ በኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም ለዘሩ ዕድሜ ይሰጠዋል። ሬሳውን ባለበት ከልለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ፤ ባለሙያው ባለበት ይቃጠላል ወይም 2 ሜትር ጠልቆ ይቀበራል።

ከጅቡ ቆዳ፣ ጥርስ ወይም ጸጉር ለመድኃኒት ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት አይጠፋም። አይስጡ። ከበሽታው ሌላ፣ የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ውጤት መያዝን ይከለክላል።

ከተቀበረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አፈሩ ይሰምጣል፤ ዝናብ እንዳያቁር አፈር ይጨምሩበት፣ ድንጋዩንም ይመልሱ።