ጸባያቸው የማይገጥም ሁለት ጥንቸሎች እንዴት ተስማሙ

ቡላና ዳማን ያመጣኋቸው እዚህ ሜሪላንድ ካለ የእንስሳት መጠለያ ነው። ጸባያቸው ሰማይና ምድር! ቡላ ደፋር ናት፤ ያየችውን ሁሉ የራሷ ታደርጋለች። ዳማ ድንጉጥ ነው፤ ኮሽ ካለ ጥግ ይገባል። አንድ ላይ ሲሆኑ ታባርረውና ጸጉሩን ትነጨው ነበር።

መፍትሔው መቸኮልን መተው ነው። መጀመሪያ ሁለቱም እንዳይራቡ በቀዶ ሕክምና መምከን አለባቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሆርሞኑ እስኪበርድ ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ አጥራቸውን ጎን ለጎን አደረግኩ፤ መሃሉ ክፍተት ስላለው መናከስ አይችሉም፣ ይሸታተታሉ ግን። አንዱ የሌላውን ሽታ እንዲላመድም ቤታቸውን አቀያየርኳቸው።

ከዚያ ማንም "ግዛቴ" ያላለው ቦታ ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ለጥቂት ደቂቃ አገናኘኋቸው። ጠብ ሲሸተኝ ወዲያው እለያቸዋለሁ። አንድ ቀን ቡላ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ዳማ አፍንጫ ስር አስጠጋች። ጥንቸል እንዲህ ስታደርግ "ላሰኝ" ማለቷ ነው። ዳማ ፈራ ተባ እያለ ግንባሯን ላሰላት። ደስ ሲል!

አሁን አብረው ይኖራሉ። ድርቆሹን ግን ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ ዋናው ምግባቸው እሱ ነው፣ ካሮት ስኳር ስላለው ለቅምሻ ብቻ። ለዳማ ሁለት በር ያለው የካርቶን መደበቂያ ሠራሁለት፤ አንድ በር ብቻ ከሆነ ቡላ ትዘጋበታለች። እሱን ብድግ አድርጌ አላቅፈውም፤ ወለል ላይ ቁጭ ስል ራሱ ይመጣል። ደንግጦ ምግብ ካቆመ ግን ጊዜ አልሰጥም። ጥንቸል ግማሽ ቀን ካልበላች አንጀቷ ሥራ ሊያቆም ስለሚችል ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።