ሌቭሉ አልፈታ ሲል፦ መልሱን መቼና ምን ያህል ማየት ይሻላል

ልጆች እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ መልሱ የጠፋበት ልጅ በነጻ አይነገረውም። «አገር ስጠኝ» ይባላል። «ድሬዳዋን ሰጠሁህ» ብሎ ከተማውን ካስረከበና ጠያቂው «ድሬዳዋ ገብቼ ምን አጥቼ» እያለ ከሸለለበት በኋላ ነው መልሱን የሚሰማው። ያ ሽለላ ስለሚያንገበግበው አገር ከመስጠቱ በፊት አንዴ ደግሞ ያስባል። ስልክ ላይ የእንቆቅልሽ ጌም ሌቭል (ደረጃ) አልፈታ ሲል ግን የሚሸልል የለም፤ የጌሙን ስምና የሌቭሉን ቁጥር ዩቲዩብ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አገር መቼ መሰጠት እንዳለበት የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

መልስ ማየት ነውር የለውም። የሚጎዳው ከሚያስፈልገው በላይ ማየት ነው። አንዲት ፍንጭ የምትበቃውን ሌቭል ሙሉ ቪዲዮ ከፍቶ እጅን ተከትሎ መጨረስ ጣዕሙን ያጠፋዋል፤ ቀጣዩ ሌቭል ላይም ባዶ እጅ ያስቀራል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለሣጥን መግፊያ፣ ለሱዶኩ (ቁጥር በረድፍና በዓምድ ሳይደገም ለሚሞላበት)፣ ቀለም በየቱቦው ለሚለይባቸው፣ ክፍል ውስጥ ዕቃ ተፈልጎ በር ለሚከፈትባቸው ጌሞች ሁሉ ያገለግላል።

አንደኛ፦ የቆለፈው ምን እንደሆነ ለዩ

ሌቭል አልፈታ የሚለው አንድ ነገር ሳታዩ ስትቀሩ፣ አንድ ሕግ ሳይገባችሁ ሲቀር፣ ወይም ሁሉም ገብቷችሁ ቅደም ተከተሉ ሲጠፋችሁ ነው። ቀደም ብላችሁ በሠራችሁት ስሕተት ሌቭሉ ሞቶ፣ ማለትም ከእንግዲህ የማይፈታ ሆኖ፣ ሊሆንም ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ጌሙ ራሱ ተበላሽቶ ነው።

የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቀላል ዘዴ ሌቭሉን ላላየ ሰው አፍ አውጥቶ ማስረዳት ነው፤ ሰው ከሌለ ለራስ። «ምን እንዳደርግ እንደተፈለገ አላውቅም» ካላችሁ የጎደለው ሕጉ ነው። «ቁልፍ ቢኖረኝ ኖሮ በሩን እከፍት ነበር» ካላችሁ ያላያችሁት ዕቃ አለ። «ይሄን ሳነሳ ያኛው ይዘጋብኛል» ካላችሁ ችግሩ ቅደም ተከተል ነው። ይህን ሳይለዩ ፍንጭ ፍለጋ መሄድ ብዙውን ጊዜ የማያስፈልግ መልስ ይዞ መመለስ ነው።

ያላያችሁት ዕቃ ካለ ማሰብ አይጠቅምም፤ መፈለግ ነው። የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጉ፣ ምስሉን በሁለት ጣት አስፉ፣ ማያውን ከላይ ወደ ታች በመስመር እየከፈላችሁ እያንዳንዱን ነገር ንኩ። የተነካውን ዕቃ ደግሞ ገልብጡት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ሩም» እና እሱን የተከተሉ የሣጥን መክፈቻ ጌሞች ፍንጫቸውን ከዕቃው ጀርባና ከሥሩ መደበቅ ይወዳሉ።

ሁለተኛ፦ የሞተ ሌቭል ላይ አትድከሙ

ብዙ ሰው ከሁሉ በላይ ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሶኮባን በ1981 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የተፈጠረ ጌም ነው፤ ዛሬ ስልክ ላይ ያሉት የሣጥን መግፊያ ጌሞች የሱ ልጆች ናቸው። መጋዘን ውስጥ ያለው ሰውዬ ሣጥኖችን ወደ ማስቀመጫ ነጥባቸው ይገፋል እንጂ አይስብም፤ የሚገፋውም አንድ ሣጥን ብቻ ነው። አይስብም የሚለው ሕግ ብዙ እንቅስቃሴ እንዳይመለስ ያደርገዋል።

ሣጥኑ ማስቀመጫ ነጥብ ያልሆነ ማዕዘን ከገባ አለቀ። ለመግፋት ከሣጥኑ ጀርባ መቆም ያስፈልጋል፤ ማዕዘን ላይ ግን መቆሚያ የሚሆኑት ሁለት ጎኖች ግድግዳ ናቸው። ሣጥኑ ግድግዳ ከተደገፈ ደግሞ ግድግዳውን ተከትሎ ብቻ ይሄዳል፤ በዚያ መስመር ላይ ማስቀመጫ ነጥብም መውጫ ክፍተትም ከሌለ እሱም ሞቷል። ሁለት ሣጥኖች ግድግዳ ተደግፈው ጎን ለጎን ከተጣበቁ አንዱ ሌላውን ስለሚከለክል ሁለቱም አይነቃነቁም። አራት ሣጥን በሁለት በሁለት ከተደረደረም ግድግዳ ባይኖር እንኳ ያው ነው። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ፣ ሣጥኑ ነጥቡ ላይ ካልሆነ በቀር፣ ሌላ ሃያ እንቅስቃሴ አትሞክሩ። አንድ እንቅስቃሴ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ እየነካችሁ ሣጥኑ ነጻ እስከነበረበት ድረስ ተመለሱ፤ መመለሻ ከሌለው ከመጀመሪያው ጀምሩ።

እንደገና ስትጀምሩ ከመጨረሻው አስቡ። ሣጥኖቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው እንበል፤ አሁን ሰውዬው መሳብ ቢችል የትኛውን ቀድሞ ያወጣ ነበር? ብዙውን ጊዜ ለመግቢያው የቀረበውን ነው። ስለዚህ ስትገፉ እሱ መጨረሻ ይገባል፤ መጀመሪያ የሚገባው ከሁሉ ጥልቅ ወዳለው ነጥብ የሚሄደው ነው። ቅርቡን ነጥብ አስቀድሞ መሙላት ለዓይን ደስ ይላል፤ መንገዱን የሚዘጋውም እሱ ነው።

ሦስተኛ፦ ቅደም ተከተል ሲጠፋ

ቀለም የሚለይባቸው ቱቦዎች ላይ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ቱቦ አራት እርከን ይይዛል፤ ሲጀመርም ሁለት ባዶ ቱቦ ይሰጣል። ቀለም የሚፈሰው በራሱ ዓይነት ቀለም ላይ ወይም በባዶ ቱቦ ውስጥ ብቻ ነው። ተጫዋች የሚታሰረው ሁለቱን ባዶዎች ቶሎ በሁለት የተለያዩ ቀለሞች ሲይዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ መተንፈሻ የለም። ባዶ ቱቦ ከመንካታችሁ በፊት ከላይ ያለውን እርከን ብቻ ቁጠሩ፦ በብዙ ቱቦ አናት ላይ የሚታየው ቀለም የትኛው ነው? የመጀመሪያው ባዶ ለሱ ይሁን። ሁለተኛውን ባዶ የምትነኩት በጥቂት እንቅስቃሴ ውስጥ ሌላ ቱቦ ተራግፎ ባዶ እንደሚሆን ካያችሁ ነው። እንደገና ስትጀምሩ የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አለዚያ እጅ ለምዶት ያንኑ ይደግመዋል።

ሱዶኩ ላይ ደግሞ መገመት አይገባም። በወጉ የተሠራ ሱዶኩ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ያን ለማረጋገጥም ሲጀመር ቢያንስ 17 ቁጥር መሰጠት እንዳለበት በ2012 እ.ኤ.አ. በኮምፒዩተር ተረጋግጧል። አልሄድ ሲል በየባዶው ሣጥን ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በትንሹ ጻፉ። በአንድ ረድፍ ላይ ሁለት ሣጥኖች 4 እና 7 ብቻ ከቀራቸው፣ የትኛው የት እንደሚገባ ባይታወቅም ሁለቱ ቁጥሮች በነዚያ ሣጥኖች ተይዘዋል፤ በረድፉ ካሉት ሌሎች ባዶዎች ላይ 4 እና 7ን ሰርዙ። ብዙ ጊዜ መንገዱ የሚከፈተው እዚህ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር ከተገጣጠመ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ቁጥር ላይ አይደለም፤ ከብዙ እርምጃ በፊት ነው። እየፈተሹ ከመድከም አጥፍቶ መጀመር ያዋጣል።

አራተኛ፦ ተዉት

ተመሳሳይ ሙከራ እየደገማችሁ እንደሆነ ካስተዋላችሁ ስልኩን አስቀምጡ። አእምሮ አንድ የተሳሳተ ግምት ላይ ችክ ብሎ ነው፤ ግምቱ የሚለቀው ሌላ ነገር ሲሠራ ነው። ከመተዋችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ። በሰዓት በሚከፈልበት ጌም ቤት ከሆናችሁ ማያውን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ውጡ፤ ሒሳብ እየቆጠረ ማሰብ ከባድ ነው። ፎቶውን ቤት ወስዳችሁ ካሬ ደብተር ላይ ሥሉት። በወረቀት ላይ ጣት ወደ ቁልፍ ስለማይሮጥ ዓይን ቀስ ብሎ ያያል።

ድሬዳዋ ውስጥ በተለይ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የቀትሩን ሙቀት ተዉት። ሱቁም ሰውም ያርፋል፤ ስልኩም ይግላል። የጋለ ስልክ ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቀንስ፣ በትክክለኛው ቅጽበት መንካት የሚጠይቅ ሌቭል ላይ ያልተሳሳታችሁትን የተሳሳታችሁ ያስመስለዋል። ሽፋኑን አውልቁ፣ እየሞላ አትጫወቱ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ሞክሩት።

አምስተኛ፦ ፍንጭን በደረጃ ውሰዱ

ይህ አሁንም አልሠራም እንበል። አሁን መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢንፎኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለጽሑፍ ጌሞቹ የሚሸጠው የፍንጭ መጽሐፍ በማይታይ ቀለም የታተመ ነበር፤ ገዢው ልዩ ብዕር እየቀባ አንድ አንድ መስመር ይገልጣል፣ መጀመሪያ ጠቆም የምታደርግ፣ ቀጥላ ገለጥ ያለች፣ መጨረሻ ላይ መልሱ። ከዚያ የተሻለ መንገድ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ሰው ስትጠይቁም ይህንኑ ሥርዓት ያዙ።

ጌሙን የጨረሰ ጓደኛ ካላችሁ ከቪዲዮ ይበልጣል፤ የሚነግራችሁን በልክ ሊያደርግላችሁ ይችላል። ግን አጠያየቁን አሳምሩ። «እንዴት ነው የሚፈታው?» ካላችሁት ደግነቱ ያሸንፈውና ሙሉውን ይዘረግፈዋል። በድሬ ወግ አንተ ተባብላችሁ እንዲህ በሉት፦ «መልሱን እንዳትነግረኝ። የሚያስፈልገኝ ሁሉ አሁን ማያው ላይ አለ ወይስ የለም? እሱን ብቻ በለኝ።» አለ ወይም የለም ብቻ መስማት ግማሹን ጥርጣሬ ያነሳል። ቀጥሎ «ጅማሬዬ ልክ ነው?» ከዚያም «የት ልመልከት?» ስልኩን እንዳትሰጡት ብቻ፤ ሌላ ሰው እጅ ከገባ ሌቭሉ ተፈትቶ ይመለሳል።

ጌሙ ውስጥ ያለው የፍንጭ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ካላያችሁ አይሰጥም፤ ዳታ ከተዘጋ ቁልፉ ዝም ይላል እንጂ አልተበላሸም። አንዳንዱ ፍንጭ ብሎ ቀጣዩን እንቅስቃሴ ራሱ ይሠራዋል። ከመንካታችሁ በፊት እንዲህ ዓይነቱ መሆኑን በቀላል ሌቭል ላይ ሞክሩት።

ስድስተኛ፦ ቪዲዮ ስትከፍቱ

በጽሑፍ የተቀመጠ መልስ ካለ እሱን አስቀድሙ፤ ዳታውም ጥቂት ነው፣ ማቆምም ይቻላል። ቪዲዮ ከሆነ ጥራቱን ወደ 240 ወይም 360 አውርዱት፤ ለእንቆቅልሽ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፣ ፓኬጁም ይቆያል። የጌሙን ስም ብቻ ሳይሆን የሠሪውን ስም ጭምር አስተያዩ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ የቱቦ ጌሞች አሉ። ጌም ሲታደስ የሌቭል ቁጥር ይዛወራልና ቁጥሩን አትመኑ፤ መነሻ ምስሉ ከናንተው ጋር አንድ መሆኑን አይታችሁ ተከተሉ። በዘፈቀደ የሚሠሩ ሌቭሎች ላይ ደግሞ ቪዲዮ መፈለግ ከንቱ ነው፤ የናንተ ሌቭል ከማንም ጋር አይገጥምም።

ምስሉ ከገጠመ አጫውቱና እናንተ ያላሰባችሁት የመጀመሪያ እንቅስቃሴ እንደታየ ዝጉት። እዚያው ቁሙና «ለምንድነው ይህን ያደረገው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ምክንያቱ ሲገባችሁ ቀሪውን ለብቻችሁ ጨርሱት። እስከ መጨረሻው ካያችሁት ደግሞ በማግስቱ ያንኑ ሌቭል ሳታዩ ፍቱት፤ ካቃታችሁ ያየችው ዓይን ብቻ ነበረች።

ፈጽሞ ሊታዩ የማይገባቸው ሕግ የሚያስተምሩ ሌቭሎች ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ዊትነስ» ከ500 በላይ እንቆቅልሽ አለው፤ ሕጉን ግን በቃል አይናገርም። አንድ አዲስ ምልክት ሲመጣ ትንንሽ ሰሌዳዎች በረድፍ ይደረድርና ከቀላሉ እየጀመረ ያስተምራል። ከነዚያ የአንዱን መልስ ከቪዲዮ ብትገለብጡ ያ ሰሌዳ ይበራል፣ ምልክቱ ግን ምን እንደሚል ሳታውቁ ታልፋላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ምልክት የያዘ ሰሌዳ ሁሉ ይዘጋባችኋል። ሕግ አልገባ ሲል ወደፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ሂዱ፤ ምልክቱ መጀመሪያ የታየበትን ሌቭል ደግማችሁ ተጫወቱና ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ። የተከለከለውን ማየት ሕጉን ያሳያል።

ሳትሟገቱ ወዲያው የሚታየው

መልሱ የእንግሊዝኛ የቃል ጨዋታ ላይ ወይም እዚያ አገር ያደገ ሰው ብቻ በሚያውቀው ነገር ላይ ከቆመ መልሱን ዕዩና እለፉ። እንዲህ ያለው ሌቭል የሚፈትነው ማሰብን አይደለም፤ ሐረርና ድሬዳዋ ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሐረሪ የሚያስብ ልጅ እንግሊዝኛ ተረት ስላላወቀ ደደብ ነኝ ማለት የለበትም። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያስቸግረው ሰው መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ምልክት ያለበት ቀለም መኖሩን ይፈልግ፤ ከሌለ ያለ ሐሳብ መልሱን ይውሰድ። ድምፅ ሰምቶ የሚፈታ እንቆቅልሽም ለማይሰማ ሰው እንዲሁ ነው።

የመጨረሻው የተበላሸ ጌም ነው። በትክክል የሠራችሁት ካልተቀበለ ጌሙን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ክፈቱ፤ ካልሆነ ማዘመኛ እንዳለው ተመልከቱ። ከዚህ በኋላ ቪዲዮ ማየት መልስ ለማግኘት ሳይሆን መልሳችሁ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው፤ ቪዲዮውና እናንተ አንድ ዓይነት ሠርታችሁ የሱ ብቻ ከተከፈተ ጥፋቱ የጌሙ ነው። ጌሙን አጥፍታችሁ እንደገና ከመጫናችሁ በፊት ግን የደረሳችሁበት ደረጃ በአካውንት መቀመጡን አረጋግጡ፤ ካልተቀመጠ ከሌቭል 1 ትጀምራላችሁ።